ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ አይረንን እንዴት እንጠብቅ

ባለፈው ዓመት፣ ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ካሳጠሩ ስምንት ወር የሆናቸው አንዲት እናት እኔ ወደምሠራበት የሐዋሳ መድኃኒት ቤት መጡና ከቦርሳቸው ግማሹ ያለቀ የአይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ክኒን፣ አንድ የካልሲየም ብልቃጥና ከመታጠፍ ብዛት የተላላጠ የላቦራቶሪ ወረቀት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ። ደረጃ መውጣት እንዳቃታቸውና ጸጉራቸው ማበጠሪያ ላይ እየቀረ እንደሆነ ከነገሩኝ በኋላ «ክኒኑን ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም ልጄ» አሉኝ። አወሳሰዳቸውን ስጠይቅ፣ ጠዋት ሁለቱንም ክኒኖች በአንድ ብርጭቆ ወተት እንደሚውጡና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቡና እንደሚጠጡ አስረዱኝ። እውነታቸውን ነበር፤ አንድም ቀን አላቋረጡም። ነገር ግን የሚውጡት አይረን ከወተቱ፣ ከካልሲየሙና ከቡናው ጋር እየተጋጨ፣ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣ ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው፣ እንዲሁም ቀዶ ሕክምናውን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር አሠርተው ሐዋሳ ላይ ኑሯቸውን ለሚቀጥሉ ሰዎች ነው። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው የሚከታተልዎ ሐኪም ነው። እኔ ላስረዳ የምሻው የተዋጠ አይረን ሁሉ ሰውነት ውስጥ የገባ አይረን አለመሆኑን፣ ይህም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአንድ ምክንያት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ በሌላ ምክንያት እንደሚከሰት፣ በሁለቱም ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

በአገራችን ወፍራም ሰው ደም ያንሰዋል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ፊቱ የሞላና ክብደቱ የጨመረ ሰው «ደም አለው» ይባላል፤ ስለዚህም ድካሙ በክብደቱ ይመካኛል እንጂ ምርመራ አይታዘዝለትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአዋቂ ሰው ሰውነት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም አይረን ይይዛል፤ በቀን ከምግብ የሚመጥጠው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ትርፍ አይረንን የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው ቁጥጥሩን የሚያደርገው በመግቢያው ላይ ነው። የቁጥጥሩ ኃላፊ በጉበት የሚመረተው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ሲሆን፣ ሆርሞኑ ሲበዛ አይረን ከአንጀት ሴሎች ወደ ደም የሚያልፍበትን በር ይዘጋል።

የተከማቸ ስብ፣ በተለይም የሆድ ስብ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም አይደለም፤ ለዓመታት የሚዘልቅ ዝቅተኛ ብግነት (ኢንፍላሜሽን) የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ያመነጫል። ጉበት ይህን ብግነት እንደ ኢንፌክሽን ቆጥሮ ሄፕሲዲንን ይጨምራል። በዚህ ምክንያት፣ አንድ ዓይነት ገበታ ላይ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ወጥ ከበሉ ሁለት እህትማማቾች መካከል ክብደቷ እጅግ የጨመረው ከምግቡ የምታገኘው አይረን ከሌላዋ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በጎተራዋ፣ ማለትም በሰውነቷ ተከማችቶ ያለው አይረንም ቢሆን በሩ ስለተዘጋ በቀላሉ ወደ ሥራ አይወጣም።

የላቦራቶሪ ወረቀቱን ማንበብ የሚከብደውም በዚሁ ነው። ሐኪምዎ ሂሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚውን የደም ክፍል) ብቻ ካዘዘልዎ፣ ፌሪቲን፣ የትራንስፈሪን ሙሌት (በደም ውስጥ አይረን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህሉ በአይረን እንደተሞላ) እና ሲ.አር.ፒ የተባለው የብግነት ምርመራ እንዲጨመሩልዎ ይጠይቁ። ፌሪቲን በሰውነት የተከማቸውን አይረን ያሳያል፤ ነገር ግን ብግነት ባለበት ሰው ላይ ከእውነተኛው መጠን ከፍ ብሎ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ብግነት በሌለበት ጤነኛ አዋቂ ላይ እጥረት የሚባለው ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ነው፤ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ግን መነሻው ከ70 በታች ነው። እንግዲህ ሲ.አር.ፒው ከፍ ያለበት ወፍራም ሰው ፌሪቲኑ 40 ሆኖ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ ቃል ስለ እሱ ብዙም አይናገርም። የትራንስፈሪን ሙሌቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ሂሞግሎቢንን በተመለከተ፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲሊትር የሚሉት መነሻዎች ለባሕር ወለል የተቀመጡ ናቸው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚህ የሚኖር ሰው መነሻ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ልክ 12 ላይ ያለች የሐዋሳ ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ መሸኘት የለባትም።

እጥረት ከተገኘ ቀዶ ሕክምናው ከመድረሱ በፊት መንስኤውን መፈለግ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት የወር አበባ መብዛት፣ ደም የሚመጥጠው መንጠቆ ትልና ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ናቸው። የሰገራ ምርመራው በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ነገር ስለሆነ ሳይሠራ መታለፉ ያሳዝነኛል። ኤች ፓይሎሪ ከተገኘ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታክሞ መጥፋቱ በድጋሚ ምርመራ ይረጋገጥ፤ ሌላው ቀርቶ አይረን የሚፈልገውን የጨጓራ አሲድም ያዛባልና። ጎተራው በክኒን ለመሞላት ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ ከላይ ባልኩት የበሩ መዘጋት ምክንያት ደግሞ ክኒኑ በወፍራም ሰው ላይ ቀስ ብሎ ይሠራል። ቀጠሮው ከቀረበና እጥረቱ ከባድ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን ይሻል እንደሆነ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ቀዶ ሕክምናው ምን ይለውጣል?

በስፋት ከሚሠሩት ሁለቱን ልጥቀስ። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ በማስወገድ ቀሪውን እንደ ቱቦ የሚያደርግ ነው፤ የአንጀት መንገድ አይነካም። ባይፓስ የሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ ትንሽ ከረጢት ብቻ ትቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ጋር ያገናኘዋል፤ ምግብም ዱዎዲነም በሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሳያልፍ ይቀራል። አይረን በዋናነት የሚመጠጠው በዱዎዲነምና ከሱ ቀጥሎ ባለው የአንጀት ክፍል ስለሆነ፣ ባይፓስ ማለት አይረኑ በሩ አጠገብ ሳይደርስ በሌላ መንገድ ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የቺሊ ተመራማሪዎች ጥናት ባይፓስ በተደረገላቸው ሴቶች ላይ ከስድስት ወር በኋላ ከምግብ የሚመጠጠው አይረን ከቀድሞው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ መውረዱን አሳይቷል።

ስሊቭ ላይ ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ጨጓራው ስለቀነሰ አሲዱም ይቀንሳል፤ በእህልና በአትክልት ያለው አይረን በቀላሉ ወደሚመጠጥ መልክ የሚለወጠው በአሲድ እርዳታ ስለሆነ ይህ ጉዳት ነው። በሌላ በኩል ክብደቱ ሲቀንስ ብግነቱ ይበርዳል፣ ሄፕሲዲንም ይወርዳል፤ ያ ተዘግቶ የነበረው በር ይከፈታል። ታካሚዎቼን የማበረታታበት ነጥብ ይህ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚያልፍ አይረን እንዳይጠፋ ማድረግ በእጃችን ነው። ባይፓስ ያደረጉትም ቢሆኑ ሄፕሲዲናቸው ይወርዳል፣ ነገር ግን ዋናው መግቢያ ስለታለፈ የሚያገኙት ጥቅም ውስን ነው። በሁለቱም ላይ የምግቡ መጠን ማነስ፣ ቀይ ሥጋ አልወርድ ማለቱና ለጨጓራ ተብሎ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል የሚያስከትለው የአሲድ መቀነስ ይጨመራል።

የቀኑ ሰዓት አከፋፈል

ከሁሉ አስቀድሞ የክኒኑን ማሸጊያ ያንብቡ። ማሸጊያው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የጨው፣ ማለትም አይረኑ ከሌላ ነገር ጋር የተዋሐደበት ውህድ፣ ክብደት ነው፤ የሚያስፈልግዎ ግን በውስጡ ያለው ንጹሕ አይረን ነው። 200 ሚሊግራም ደረቅ ፌረስ ሰልፌት ወይም 200 ሚሊግራም ፌረስ ፉማሬት በውስጡ 65 ሚሊግራም ያህል አይረን ሲኖረው፣ 300 ሚሊግራም ፌረስ ግሉኮኔት ያለው ግን 35 ያህል ነው። በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው ቀይ ክኒን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይዟል። የአሜሪካ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ እጥረት ለሌለበትና ተጋላጭነቱ ዝቅተኛ ለሆነ ወንድ በቀን ቢያንስ 18 ሚሊግራም፣ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶችና ስሊቭ ወይም ባይፓስ ላደረጉ ሰዎች ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ንጹሕ አይረን ይመክራል። ይህ ለመከላከል ነው፤ እጥረት የተገኘበት ሰው ሕክምና ከዚያ ከፍ ያለ መጠን ይጠይቃል። አንጀት ውስጥ ቆይቶ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሸፈነ ክኒን በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው አይሆንም፤ ሊመጠጥ የሚችልበትን ቦታ አልፎ ይሟሟልና። ፈሳሹ ወይም የሚታኘከው ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ወራት የተሻለ ነው፤ ፈሳሹ ጥርስ እንዳያጠቁር በቀጭን መምጠጫ ይጠጡት።

ከላይ የነገርኳችሁ እናት ጋር ያደረግነው ወረቀት አውጥተን ቀናቸውን በሰዓት መከፋፈል ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲነሱ፣ ሌላ ምንም ሳይቀምሱ፣ አይረኑን በውሃ እንዲወስዱ፤ ቁርሳቸውን ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ያውም ያለ ወተት፤ ቡናቸውን ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እንዳይነኩት ተስማማን። ካልሲየሙን ለሁለት ከፍለን አንዱን ከምሳ ጋር 7 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛውን ከእራት ጋር አደረግነው፤ ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊግራም ካልሲየም በላይ በደንብ አይመጥጥምና መክፈሉ ለካልሲየሙም ይጠቅማል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ በአይረንና በካልሲየም መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር፤ ወተት፣ እርጎና አይብም በካልሲየም ይቆጠራሉ። አይረኑ በባዶ ሆድ ካቅለሸለሸ ከትንሽ ምግብ ጋር መውሰዱ ክኒኑን ከማቆም በብዙ ይሻላል። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ በሱና በአይረኑ መካከል አራት ሰዓት ሊያደርግ ይገባል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊንም ከአይረን ጋር እየተያያዙ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝልዎ አይረን እንደሚወስዱ ለፋርማሲስቱ ይንገሩት።

ቡናን በተመለከተ ሲዳማ ውስጥ ተቀምጬ ተዉ ማለት አልችልም፤ መተውም አያስፈልግም። ቡናና ሻይ በውስጣቸው ያሉት ፖሊፌኖሎች አይረንን የሚይዙት በሆድ ውስጥ አብረው ሲገናኙ ነው፤ በዚህ ደግሞ ሻይ ከቡና የባሰ ነው። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚጠጣ ቡና ብዙም አይጎዳም። ችግሩ የቡናችን ሥርዓት ከገበታ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው፤ ምሳ እንደተነሣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ አቦሉን ያልጠጣ ሰው እንደ ተኳረፈ ይቆጠራል። ለቤተሰብ አስቀድሞ መናገር ይበጃል፦ «ቡናው 9 ሰዓት ላይ ይፈላ» ቢባል ማንም አይቀየምም። ጫትም እንደ ቡናና ሻይ ፖሊፌኖል ስላለው፣ ከዚያም በላይ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ፣ ቀድሞውኑ ጥቂት ለሚበላ ሰው አይመከርም።

ገበታው

በጨጓራው የቀረው ቦታ ትንሽ ስለሆነ አይረንና ፕሮቲን ያለው ምግብ ቅድሚያ ያግኝ። በሥጋና በዓሣ ያለው አይረን አሲድ ብዙም ሳያስፈልገው በተሻለ ይመጠጣል፤ በተጨማሪም አብሮት የተበላውን የምስርና የጎመን አይረን መመጠጥ ያግዛል። ቁርጥ ሥጋ በጠባቡ ጨጓራ ላይ ስለሚያንቅ ምንቸት አብሽ፣ በደንብ የተከተፈና የበሰለ ሥጋ ወይም የበሰለ ጉበት ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ግን ከኮሶ ትል ባሻገር ለማላመጥም አስቸጋሪ ነው። እኛ ሐዋሳ ላይ ያለን ጸጋ ሐይቁ ነው። ዓሣ ከበሬ ሥጋ ያነሰ አይረን ቢኖረውም ለስላሳ በመሆኑ ቀይ ሥጋ የማይወርድላቸው ብዙ ታካሚዎች ይችሉታል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) አጥንቱ ተለቅሞ፣ ተቀቅሎ ወይም በትንሽ ዘይት ተሠርቶ፣ ከጥቂት ምስር ጋር ቢቀርብ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። እዚያው የሚበላው ጥሬ ዓሣ ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቅር።

ጤፍ በአይረን የበለጸገ ነው የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን በአውድማ ላይ ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈር በምርመራ የሚታየውን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፣ ያ የአፈር አይረን ደግሞ እምብዛም አይመጠጥም። ከዚህም ሌላ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት አይረኑን ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ሳይቦካ በችኮላ ከተጋገረው ይመረጣል። ቆጮና ቡላ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲናቸው አነስተኛ ነው፤ መጀመሪያ ሥጋው ወይም ዓሣው ይበላና ቦታ ከተረፈ ቆጮው ይከተል።

ቫይታሚን ሲ የአትክልትና የእህል አይረንን ያግዛል፤ ሲበስል ግን ስለሚቀንስ በምግቡ ላይ የተጨመቀ ሎሚ፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም፣ ወይም ቁራጭ ፓፓያና ዘይቱን ይሻላል። በየጭማቂ ቤቱ የሚቀርበው ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ለዚህ አይሆንም፤ በተለይ ስኳር ከተጨመረበት ባይፓስ ያደረገን ሰው ላብ በላብ አድርጎ ልቡን ሊያስመታውና ሊያስቀምጠው ይችላል።

የሚጾሙ ታካሚዎች በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከእንስሳት የሚገኘው አይረንም ፕሮቲንም አንድ ላይ ይቀርባቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባትንም ማማከር ይገባል፤ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ፈቃድ እንዳለ ያውቃሉና።

ክትትልና የአደጋ ምልክቶች

የደም ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ዕድሜ ልክ ይደረጋል። «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት እዚህ ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም ጎተራው ባዶ መሆን የሚጀምረው ሂሞግሎቢን ከመውረዱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በ3ኛውና በ6ኛው ወር መካከል የሚረግፍ ጸጉር በፈጣን ክብደት መቀነስ ብቻም ይመጣል፤ ነገር ግን ከድካም፣ ከጥፍር መሰበር፣ ሌሊት እግርን አላስተኛ ከሚል ስሜት ወይም አፈርና በረዶ ከማማር ጋር ከተከሰተ ፌሪቲን ይታይ። እጥረቱ የታከመበት ሰው ሂሞግሎቢን በአንድ ወር ገደማ ቢያንስ በ1 ግራም ከፍ ማለት ይጠበቅበታል፤ ከተስተካከለ በኋላም ጎተራው እንዲሞላ ሕክምናው ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ካልጨመረ የክኒኑን መጠን ዝም ብሎ ማሳደግ ሳይሆን አወሳሰዱን፣ የደም መፍሰስን፣ እንዲሁም የቫይታሚን ቢ12፣ የፎሌትና የመዳብ እጥረትን ማጣራት ይገባል። ቢ12 ያነሰበት ሰው ፎሊክ አሲድ ያለበትን የነፍሰ ጡር ክኒን ብቻ ቢወስድ ደሙ የተሻለ እየመሰለ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። ሁሉም ተጣርቶ ክኒኑ አልመጠጥ ካለ በደም ሥር የሚሰጠው አይረን አንጀትን ጭራሽ አይፈልግም፤ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ግን ዝግጅት ባለበት ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ።

ለሴቶች ሁለት ነገር ልጨምር። የወር አበባዋ የሚበዛ ሴት አይረን ብትውጥም ቀዳዳው ካልተደፈነ ማሰሮው አይሞላም፤ መዳብ ያለበት ሉፕ የደም መጠኑን ሊጨምር ስለሚችል ስለ ሌላ አማራጭ ከሐኪም ጋር ትነጋገር። እርግዝና ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ቢዘገይ ይመከራል።

ራስ ምታት ሲነሣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከየመደብሩ እየገዙ መዋጥ ባይፓስ ባደረገ ሰው ላይ አዲሱ መጋጠሚያ እንዲቆስልና እንዲደማ ያደርጋል፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። አይረን የሚወስድ ሰው ሰገራው መጥቆሩ የታወቀ ነው፣ አያስፈራም፤ ያ ጥቁረት ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ሲሆን ሰገራውም መደበኛ ቅርጹን እንደያዘ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ፣ የሚያጣብቅና ከወትሮው የተለየ መጥፎ ጠረን ያለው ከሆነ፣ ወይም ከማዞር፣ ከልብ ምት መፍጠንና ከማላብ ጋር ከመጣ ግን ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲሄዱ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን የሚገልጸውን ወረቀት ይያዙ፤ ተረኛው ሐኪም ስሊቭ ይሁን ባይፓስ ሳያውቅ የት መፈለግ እንዳለበት መገመት ይቸገራል።